የግርጌ ማስታወሻ

በግሪምዝቢ ወደብ፣ ከዓሣው ገበያ ጀርባ፣
ጣሪያው በሚያፈስስ አዳራሽ፣ ሐሙስ ሐሙስ ፀሐይ ስትገባ፣
አሥራ አንድ ሰው ይሰበሰባል፣ ካፖርቱን እንደ ደረበ፣
የአራት መቶ ዓመት ተውኔት በመነጽሩ እየሳበ።
እኔ ትኬት ቆራጭ ነኝ፤ እስኪከፈት ሥራ የለኝም፤
ባልዲ አቀርባለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፤ ቃል ግን አያመልጠኝም።

ሄስተር አፕልያርድ ቀን ቀን የዓሣ ሆድ ትቀድዳለች፤
ማታ ባሏ የሞተባት እመቤት ሆና ትቆማለች።
ስለ ባዶ ማዕዷ የምትናገራት አንዲት መስመር ናት ድርሻዋ፤
«ዋንት» የምትል ቃል አለች፣ መካከሏ ላይ፣ ምሰሶዋ።
ትርጉሟን ማን ይስታል? «መፈለግ» ናት፤ ሕፃን ልጅ
እንኳ ይጮኽባታል፣ ከከረሜላ ሱቅ ደጅ።
ስለዚህ ሄስተር ሦስት ሳምንት፣ ዓይኗን ሰበር እያደረገች፣
ማዕዷ ወንድ እንዳማረው፣ ሻርፗን እያንሸራተተች
ስትለው፣ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፤
ዊልፍ የመብራቱን መሰላል አቅፎ ዕንባውን ያብሳል።

በአራተኛው ሐሙስ አስታዋሿ፣ ሚስ ኦልድሮይድ፣ ጉንፋን የያዛት፣
እንደ ተማሪ እጇን አወጣች፤ ድምጿ እየተቆራረጠባት።
«ይቅርታ… ግርጌ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል የታተመ
አንድ ነገር አለ፤ ሳላየው ስንት ቀን ከረመ።
ያኔ ቃሉ ‹ፈለገ› አልነበረም፤ ‹ጎደለው› ነበር፤ ‹አጣ›።
ማዕዷ ሰው አላማረውም፤ ሰው ነው ከማዕዷ የታጣ።»

ማንም አልሳቀም። ጣሪያው ባልዲዬ ውስጥ ጠብ ሲል፣
ዊልፍ ራሱን አክኮ፣ «ቃልም ሰውን ይከዳል?» ሲል፣
«አልከዳም፤ በእግሩ ሄደ» አለች፣ አፍንጫዋን እያበሰች፤
«ከማጣት ተነሥቶ መመኘት ደረሰ።» ሌላ አልጨመረች።

ሄስተር በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ያን ማታ ቤቷ ገብታ፣
በሁለተኛው ወንበር ላይ የድመት ምግብ ካርቶን አይታ፣
አነሣችው። ወንበሩን አየች።
ካርቶኑን መልሳ አስቀመጠች።

በመክፈቻው ዕለት ሃምሳ ሦስት ሰው፣ አንድ ውሻም መጣ።
ቃሏን አለች። ሻርፕ የለ፣ ዓይን መስበር የለ፤ እንዲያው ከአፏ ወጣ፤
ሚዛን እንደሚያነብ ሰው፦ ይህን ያህል ጎደለ።
ከፊት ረድፍ አንዱ ሊስቅ ጀመረ፤ ግማሹን ዋጠው፤ ሳለ።

ወንበር አጣጥፌ፣ ባልዲውን ደፍቼ፣
«በርቺ» ልላት በጓሮ በር ዞርሁ፣ በዝናብ ተጣርቼ።
የመጨረሻው አውቶቡስ ውሃ እየረጨ አለፈ።
ፈለግኋት።
አጣኋት።