ገርበብ

መናኸሪያው በር ላይ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣
መጽሐፍ አከራያለሁ፣ አምስት ብር ለሚያነብ።
ደብረ ብርሃን ውርጩ ጣት ሲያደነዝዝ
ሰው ታሪክ ይከራያል፣ ሌሊቱን ሊጓዝ።

ከሁሉም ከሁሉም መደርደሪያ የማያውቅ አንድ አለ፣
ጀርባው በፕላስተር የተጠቀለለ፣
ርእሱ የለቀቀ፣ በእጅ ብዛት ያረጀ፣
ስንት ሻማ ያስጨረሰ፣ ስንት ዓይን የፈጀ።
የእልፍነሽና የዳምጤ ነው።

መጨረሻው ላይ፣ በተጣሉ ማታ፣
ዳምጤ ካፖርቱን ደርቦ ሲወጣ ሳይሰጥ ሰላምታ፣
ደራሲው አንዲት መስመር ጥሎልን ዞር አለ፦
«እልፍነሽ በሩን ገርበብ አድርጋ ተኛች።»
ከዚህ ወዲያ ገጽ የለም። ካርቶኑ ብቻ ነው ያለ።

ገርበብ።
ተከፈተ ነው ወይስ ተዘጋ?
በዚህች በአንዲት ቃል ስንት ሰው ደጃፌ ላይ ተዋጋ!

ኅዳጉን ላሳያችሁ፤ ነጭ ቦታ የለም፣
እርሳስ አለ፣ ቢክ አለ፣ የኩል ቀለም።
«መጽሐፍ ላይ አትጻፉ» ብዬ ለጠፍኩ፣ ማን ሰምቶ፤
ላጲስም ገዝቼ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ ከቶ።

ጌጤነሽ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ የሌሊት ፈረቃ፣
በቀይ ቢክ ጽፋለች፣ ከሥሩ አስምራ አጥብቃ፦
«በጥር ውርጭ፣ በዚህ አገር፣ ውሃ ድንጋይ በሚሆንበት፣
በሯን ገርበብ አድርጋ የምትተኛ ሴት
ወይ አብዳለች ወይ ትወዳለች። እልፍነሽ አላበደች።
ለእሱ ስትል ነው የበረደች።»

ከሥሯ አቶ አጥናፉ፣ የጣርማ በር ሹፌር፣
በትልልቅ ፊደል፣ እንደ ታርጋ ቁጥር፦
«ገርበብ ያለ በር ከደጅ ሲያዩት ዝግ ነው።
ዳምጤ ተመልሷል። ቆሟል። መብራት የለም።
ማንኳኳት አያውቅም፤ ሄደ። የማንም ጥፋት አይደለም።»
(የአጥናፉ ሚስት ደብረ ሲና ናት።
መኪናው በየቀኑ ደጇን ያልፋል፤ እሱ ከገባ ሦስት ዓመት።)

መምህር ሸዋንግዛው በእርሳስ፣ በቀጭን፦
«ቃሉ አሻሚ ነው። ደራሲው ማረም ነበረበት ይህን።»
ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ግን፣ ጥፍር በምታህል ጽሕፈት፣
«እልፍነሽ፣ እኔ ብሆን አልወጣም ነበር» የሚል አለበት።
ስም የለውም። ቢሆንም የእሱን «ል» ማን ይስታል?
አንደኛው እግሯ ሁልጊዜ ያነክሳል።

ወይዘሮ ሙላቷ ከመሐል ሜዳ፣ ለበግ ገበያ ስትመጣ የምትከራይ፣
ማንበብ የለመደችው በመሠረተ ትምህርት፣ ልጆቿ ካደጉ ወዲያ፣
አንድ መስመር ብቻ፦
«እኔን ያሳሰበኝ ጅቡ ነው።»

ማስተዋል፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፦
«እሱ መጣ አልመጣ ምን አገባኝ?
በሩን የተወችው ለራሷ ነው። ጠዋት የምትወጣበት።»
ጌጤነሽ በቀይ መለሰችላት፦
«ቆይ፣ ትደርሽበታለሽ።»
ማስተዋል፦ «አልደርስም።»
ጌጤነሽ እዚያ ላይ ምንም አልጻፈች። ቢኳን የጫነችበት ነጥብ ግን ወረቀቱን በስቶታል።

ባለፈው ሐሙስ አንድ የደሴ መንገደኛ
ጎማው እስኪለጠፍ ገባ፣ ሰዓቱን እያየ፣ ቁጡ፣ ዝምተኛ፤
መጨረሻውን ገልጦ ሳቀ። «ይሄማ ተገንጥሏል፤
እቤቴ ባለው ቅጂ ታሪኩ ሁለት ቅጠል ይቀጥላል።
ልንገርህ?» አለኝ።

ከመንገዱ ማዶ ጌጤነሽ ስትመጣ አየኋት፣
ነጠላዋን አፏ ላይ ጠምጥማ፣ ጠጉሯ ላይ የሱፍ ብናኝ፣
ለሰባተኛ ጊዜ ልትከራየው።

«ጎማህ ደርሷል» አልኩት።
አልደረሰም ነበር።

እኔ? እኔ ምንም አልጻፍኩም። አከራይ ነኝ።
የቆርቆሮ በሩን ማታ ማታ ስስብ
ስንዝር ሲቀረው ግን እጄ ቆም ይላል፤ ከዚያ እዘጋዋለሁ፣
ሌባ አለ፣ ሰፈሩ መናኸሪያ ነው።

ትናንት ገጽ ስቆጥር አንድ አዲስ ነገር አገኘሁ።
በማላውቀው እጅ፣ በደከመ እርሳስ፣
በስሟ መሐል አንዲት ሰረዝ ገብታለች፦

እልፍ–ነሽ።

ሌላ የተጻፈ የለም።