ስምንት ኦም

ሳጥኑ ነው ቀድሞ ቤቴ የገባው፣
ከፈረሰ ሆቴል በሐራጅ የመጣው፤
ቁመቱ እስከ ደረት፣ ጨርቁን አይጥ የበላው፣
ከጀርባው በጠመኔ «ስምንት ኦም» የሚለው።
ሁለት ክረምት ሙሉ ትንፍሽ አላለም፤
እኔም አልጠየቅሁት፣ አላስቸገርኩትም።

ባስ ጊታሬ ከዚህ፣ ሳጥኔ ከዚያ፣
መሀል የጠፋው አንድ ማጉያ።

ቀበሌ አራት ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ
አዲስ አሳዩኝ፣ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ።
«አምስት መቶ ዋት ነው» አለኝ ሻጩ ልጅ፣
«ይኸው እንደ ዳቦ ይነሣል በአንድ እጅ።»
አነሣሁት፣ እውነቱን ነው። ሰካሁት፣ ጠራ ድምፁ፤
ጉልበቱም ሙሉ፣ ልስልስ ነው ገጹ።
እንደ ባንክ ሠራተኛ እጄን ጨበጠኝ፣
ስሜን ሳይጠይቅ «ቀጣይ!» አለኝ።

ሽባባው ጠጋኙ (ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ የጀልባ ሞተር፣
አንዴም የጤና ጣቢያው የሕፃናት ሚዛን)
ስታኞ እያቀለጠ፣ ቀና ሳይል፣
«አምፖላማውን ፈልግ» አለኝ።
«ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ኪነት የነበረው፣
ስሙ ማን ነበረ... አዎ፣ የአዝመራው።
እሱ እንኳን አርፏል። ባለቤቱ አለች፤
ሽምብጥ፣ ከወፍጮው ጎን፣ ሰማያዊ በር።»

ሳጥኑን በጋሪ ጭነን ሄድን።
ወይዘሮ ይታይሽ ከአልጋ ሥር አሳየችን፤
ለሁለት ጎተትነው፣ ወገባችን ጮኸ፣
መሄጃው እንዳልታወቀ እንግዳ ከባድ ነው።
ሀምሳ ዋት ብቻ። የዚያኛው አንድ አሥረኛ።
ከኋላው ሦስት ቀዳዳ፦ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት።
ሽባባው ጣቱን ስምንቱ ላይ አኑሮ
«አቻ ጋብቻ» አለ፣ ሳይስቅ።

ሰካነው። ምንም የለም።
«ቆዩ እንጂ» አለች ወይዘሮ ይታይሽ፣
«እሱ እስኪሞቅ ድረስ
አንድ ሲጋራ ይጨርስ ነበር።»
ቫልቮቹ ቀስ ብለው ቀሉ፤
ጣና ላይ፣ ሌሊት፣ በሩቅ እንደሚታይ
የዓሣ አጥማጅ ፋኖስ፦
ይቅረብ ይራቅ እንደማይለይ።

ወፍራሟን ክር ነካሁ። አንዴ ብቻ።
መጀመሪያ የመጣው ወለሉ ነው፣
ቀጥሎ የመስኮቱ መስታወት፣ ቀጥሎ ጥርሴ።
ማታ ዓባይ መውጫው ጋ ጉማሬ ሲያጉረመርም
ደረት ነው ቀድሞ የሚሰማው፣
ጆሮ ኋላ ይደርሳል። እንዲያ።

መሀል ላይ መብራቱ ዋለለ፤
የባሕር ዳር መብራት መቼ ጸንቶ ያውቃል!
አዲሱ ቢሆን ድርቅ ብሎ በቀረ።
ይሄኛው ዘመመ፤ ድምፁ እንደ ደንገል ታንኳ
ማዕበሉን ጎበጥ ብሎ አሳለፈና
ተመልሶ ቀና አለ፣ ውሃውን እያራገፈ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለኝ ሽባባው፣
«ሳጥኑን ሳታስር እንዳትለኩሰው።
ሌላው ዕቃ ሸክም ሲበዛ ነው የሚጎዳው፤
ይሄ ሸክም ሲያጣ ነው የሚቃጠለው።»
ወይዘሮ ይታይሽ ሰማች።
የአቧራ ጨርቁን አጠፈችው፣
ፈታችው፣
ደግማ አጠፈችው።

በዋጋ አልተከራከርንም። ብሩን ሳትቆጥር
ጓዳ ገብታ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ወጣች፤
በፋብሪካው ጥጥ የተጠቀለሉ
ሁለት መለዋወጫ ቫልቮች፣ እንደ እርግብ እንቁላል።
አንዱን ሰጠችኝ። አንዱን
ከነጥጡ መልሳ ከደነችው።
ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።
ሽባባውም ጫማውን ያይ ነበር።

ባለጋሪው የሁለት ሰው ሒሳብ ጨመረ።
ቤት ስደርስ መብራት የለም፣
ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ፣ ሐይቁ ብቻ ይሸታል።
በስልኬ ብርሃን ቀዳዳውን ፈልጌ
ገመዱን አገናኘሁ፦ ስምንት ከስምንት።
ከሳጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤
አላጨስም፣
ግን ጠበቅሁ።