ሠላሳ ሚሊ

የሚያራይ ደብተር ይኸው፣ ጥግ ጥጉ ወተት የደረቀ፣
የናያዴት እጅ ጽሑፍ፣ በእንቅልፍ እጦት ከመስመር የወደቀ፦
«ሁለት ሰዓት፣ ስምንት ሚሊ። አምስት ሰዓት፣ አሥራ አንድ።
ስምንት ሰዓት፣ ሃያ ሁለት» — ከጎኑ በሌላ እጅ፦ «በግድ»።

ያቺ አንዲት ቃል የእኔ ናት። ናያዴት ደክሟት ተኝታ፣
ነፋሱ የፑንታ አሬናስን የቆርቆሮ ጣራ ሲመታ፣
እኔ፣ ሸርጣን አጥማጁ፣ አገጯን በጣቴ ከፍቼ፣
«ሠላሳ ሳይሞላ አልተውሽም» ብዬ በልቤ ዝቼ።
ጠጣች። ትን አላት። ከንፈሯ እንደ ክረምት ባሕር ጠቆረ፤
ወተቱ ባፍንጫዋ ወጣ፤ ትንፋሿ ላፍታ ቀረ።
ከዚያች ሌሊት ወዲያ፣ ጡጦ ገና ከሩቅ ስታይ፣
ጀርባዋ እንደ ቀስት ይገተራል፤ ጩኸቷ ይወጣል ሰማይ።

የጎረቤት ምክር ነጻ ነው፦ «ርቧት እምቢ አትልም፤
አፍንጫዋን ያዝ አድርጓት፣ ሳትከፍት አትቀርም።»
አንዷ፦ «የናቷ ወተት ቀጥኖ ነው።» ናያዴት ሰማች። ዝም አለች።
ያን ቀን በፓምፑ ሰባት ጊዜ፣ ጡቷ እስኪደማ አለበች።

ዶሪላ መጣች ማክሰኞ፣ የመዋጥ ነገር ባለሙያ፣
ቦርሳዋ ውስጥ መድኃኒት የለ፣ የሚያብረቀርቅ መሣሪያ።
እርጥብ ጫማዋን አወለቀች፤ ወንበር ሳበች፤ ተቀመጠች፤
አልመገበቻትም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዝም ብላ አየች።
«ጣቶቿን አያችሁ?» አለች። «እንደ ኮከብ ሲበተኑ፣
‹ቆዩኝ› ማለቷ ነው። ቅንድቧ ቀልቶ ዓይኖቿ ሲከደኑ፣
‹ደከመኝ›። በሃያ ዘጠኝ ሳምንቷ ለመጣች፣ መጥባት፣ መዋጥ፣ መተንፈስ፣
ሦስቱን ማስማማት አቀበት ነው፤ በጥድፊያ ጫፉ አይደረስ።
በዚያ ላይ ቱቦ ባፍንጫዋ፣ ፕላስተር ጉንጯ ላይ፣ መርፌ ተረከዟ፤
ወደ ፊቷ የቀረበ እጅ ሁሉ ነበር መዘዟ።
እምቢታዋ ዐመል አይደለም።
ትዝታ ነው።»

አቀረቀርኩ። ደብተሩን አንስታ በቀስታ ዘጋችው፤
«ቁጥሩ ለእኔ ይቆይ፤ እናንተ እሷን አንብቡ» ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በጎኗ እናስተኛታለን፤ ጡጦው እንደ ጀልባ አግድም፤
ሦስቴ ስትስብ ዝቅ እናደርገዋለን። ትተንፍስ። አንቸኩልም።
አንዳንድ ቀን ጠብታ ብቻ፣ በጣቴ ጫፍ፣ በከንፈሯ፤
የቀረው በቱቦው ይወርዳል፤ አገጬን ይነካኛል ፀጉሯ።
ባሕር ላይ የማውቀውን፣ መሬት ስረግጥ ረስቼ!
ወጥመዱን ቶሎ የጎተተ ባዶ ያወጣል፤ ስንቴ በዓይኔ አይቼ።

ከዚያ ጉንፋን ያዛት፤ ወደ አራት ሚሊ ተመለስን።
በጀርባችን ተኝተን፣ ሳንነጋገር፣ ጣራውን ቆጠርን።
አንድ ሌሊት ስነቃ የመሳቢያው መብራት በርቷል፤
ናያዴት ደብተሩን ዘርግታ፣ ላጲሷ ካንድ ቦታ ቆሟል።
«በግድ» የሚለውን ታሻለች። በእስክሪብቶ ነበር የጻፍኩት፤
ወረቀቱ ሳሳ፣ ተበሳ፤ ቃሉን ግን ሳይጠፋ አየሁት።
ምንም አላለችኝም። እኔም።
ቀዳዳው እስካሁን አለ።

አሁን ዓመት ከመንፈቋ ነው። ቱቦው ለሌሊት ብቻ ነው የቀረው፤
ጉንጯ ላይ የፕላስተሩ ፈለግ አለ፣ ፀሐይም ያልደፈረው።
ትናንት ማታ ድንች ፈጭቼ ማንኪያውን አጠገቧ ተውኩት።
ራሷ አነሳችው።
ላሰች። ፊቷን አኮማተረች። ደግማ ላሰች።
እኔ ልማድ አልለቀቀኝ፣ ሦስተኛውን ሞልቼ አቀረብኩ፤
እጇ ተከፈተ፦ አምስት ጣት፣ ኮከብ።

እሺ አልኳት፤ ማንኪያውን አወረድኩ።
ድንቹ በረደ። እኔው በላሁት፣ ከሳህኗ፣ ቆሜ፣
እሷ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ
በጣቷ ወተት እየሳለች።