የጆሮ ትምህርት

ከቅዳሴ ወጥተን፣ ጠበል ጠጥተን ገና፣
ወንበር በክብ ደረደርን፤ በመስኮቱ ጣና።
አሥራ አንድ ነበርን፤ ዘማሪ፣ ማኅበርተኛ፣ የእድር ጡሩንባ ነፊ፣
እኔም ጡረተኛው መምህር፣ ሠላሳ ዓመት ጠመኔ አራጋፊ።
ወይዘሮ እማዋይሽ፣ ያኔ በጤና ጣቢያ ክትባት የሰጠች፣
ሰፈር ማደራጀት ልታሠለጥነን መጣች።
እርሳሴን ቀረጽኩ። አንድ፣ ሁለት ብላ ትቆጥራለች ብዬ ጠበቅኩ።

እሷ ግን የተረፈች የጧፍ ቁራጭ አነሣች፣
ለኮሰች።
«ሁለት ሁለት ሁኑ፤ አንዱ ይናገር፣ ይቺ ጧፍ እስክታልቅ።
የሚሰማው አይምከር፣ አያጽናና፣ ‹እኔም ቤት› አይበል፤ ዝም ብሎ ይወቅ።»
ለእኔ ይርሳው ደረሰኝ፣ የደብሩ ጥበቃ።
የጧፏ ሲሶ ሳይነድ
«መፍትሔውማ ቀላል ነው» ብዬ ጀመርኩ፤
እማዋይሽ ከኋላዬ መጥታ
እፍ አለችብኝ።

በማግስቱ ሽንብጥ ወረድኩ፣ ከባጃጁ መዞሪያ በታች።
ጉሮሮዬን ጠርጌ «ከደብሩ ነው» አልኩ፤
ስለ ኅብረት፣ ስለ ድር፣ ስለ አንበሳ፤
ተረቱን ሳልጨርሰው በሩ ተዘጋ፣ አንበሳው አመለጠ።
ሦስት በር። ሦስቱም ለለማኝ እንደሚሉት
«እግዜር ይስጥልን» ብለው ሸኙኝ።

አራተኛው በር ላይ ቃል አለቀብኝ።
«እንቅልፍ የሚነሳሽ ምንድነው?» አልኩ፤ ከዚያ ዝም።
ውዴ ናት፣ ዓሣ ሻጭ፤ እጇ ላይ ቅርፊት እንደ ሳንቲም።
«ቱቦው» አለች። «ከሐምሌ እስከ መስከረም
ተደፍኖ፣ አልጋዬ ጡብ ላይ ቆሞ ይከርም።
ልጄ ጫማዋን በፌስታል ቋጥራ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው።»
አፌ ውስጥ ምላሴ
ከመረብ እንደ ወጣ አምባዛ ተገለባበጠ።
ያዝኩት።

ማታ፣ ኮራ ብዬ፣ «ማመልከቻውን እኔ እጽፍላታለሁ» አልኩ።
«እጇን ታማለች?» አለች እማዋይሽ።
«ኧረ ደህና ናት።»
«እንግዲያ ወረቀቱን አቀብላት።
በእግሩ መሄድ የሚችል ሰው ካዘልከው፣
ያንተን ወገብ ጎዳህ፣ የሱን እግር አስረሳኸው።»

እሑድ እሑድ ጧፍ። ሰኞ ሰኞ በር።
ውዴ ጎረቤቷን ጠራች፣ ጎረቤቷ ምራቷን፣ ምራቷ የወፍጮ ቤቷን ሴትዮ።
ጭቃው ሳይደርቅ ሃያ ሁለት ሆነው ቀበሌ ደረሱ፤
እኔ ከኋላ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር።
ሹሙ መነጽሬን አየና
«አባት፣ እርስዎ ይናገሩ እንጂ» አለኝ።
ጎንበስ አልኩ። የጫማዬ ክር ተፈቶ ነበር፤
አሰርኩት። ያልተፈታውንም ፈትቼ አሰርኩት።
ቀና ስል ውዴ እየተናገረች ነው፣
የልጇን ጫማ ከነጭቃው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ።

ቱቦው ተከፈተ፣ ግማሹ።
ግማሹ እስከ ዛሬ «በጀት» ይባላል።

በመጨረሻው እሑድ፣ ሰርተፊኬት ስንጠብቅ፣
እማዋይሽ መዝገቡን ተቀብላኝ በጣቷ ወረደች።
አርባ ስድስት ቤት። ሐይቁ ዳር ጣቷ ቆመ።
«እዚህ ጋ፣ ከደንገሉ አጠገብ፣ ጎጆ አለ። ማን ሄደ?»
ታንኳ ሠሪው ናቸው፤ ነገደ ወይጦ ናቸው።
«የኛ ምእመን አይደሉም» አለ ይርሳው፣
ቀስ ብሎ፣ ሲናገረው ራሱን እየሰማ።
«ጎርፉ ይህን ያውቃል?» አለች።

በዚያ ጎጆ ደጅ ሠላሳ ዓመት ተመላለስኩ፤
ስማቸውን አላውቅም።
ደንገሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ውሻው ጮኾ ጮኾ ተወኝ።
ስንት በር ማንኳኳት ለምጄ፣
እዚህ የሚንኳኳ እንጨት የለም፤ የማዳበሪያ ጆንያ ነው መጋረጃው።
መዝገቡን ብብቴ ሥር ሸሸግኩ።
«ቤቶች» አልኩ፤
ከዚያ ዝም።