ዛሬ ማን ጠየቀ?

ታይስቶ ሠላሳ አንድ ክረምት ወረቀት ሠራ፣
በኮስኪላህቲ ፋብሪካ፣ ከፏፏቴው ጩኸት ጋራ፤
ማሽን ቁጥር ሦስትን በጆሮው ነበር የሚያውቃት፣
ሳትታመም ገና ስታቃስት የሚሰማት።
አንድ ሰኞ ታዲያ «ጋዜጣ አንባቢ ጠፋ» ተባለ፤
ጥቅልሉ ቆመ፤ ጭሱም ከሰማይ ጎደለ።
አራት ዓመት ሙሉ አዳራሹ ባዶ፣
ወፍ ብቻ ሲገባ፣ በጣራው ስንጥቅ በረዶ ተንዶ።

ከዚያ ሄልሲንኪ ላይ፣ ከሌሊት ክርክር ኋላ፣
በበጀቱ መዝገብ አንዲት መስመር ገባች፣ የወተት ድጎማን ተከትላ፦
ለታላቅ ኮምፒውተር፣ ተመራማሪን ከተመራማሪ ለሚያስር ገመድ፣
ለብርሃን፣ በመስታወት ክር ውስጥ ለሚሄድ።
«ይሄ ነገር» አለ አንዱ እንደራሴ፣ «ይታለባል እንዴ?»
ምክር ቤቱ ሳቀ። መስመሯ በሦስት ድምፅ ብልጫ ሾለከች በዘዴ።

ማሽኑ መጣ በሣጥን በሣጥን፣ ከሰል የመሰለ ጥቁር፣
ሽታ የለው፣ ጥቅልል የለው፣ ሲያጓራ ብቻ የሚያድር።
ታይስቶን ለሌሊት ጥበቃ ቀጠሩት፤ ስሌት ዐውቆ አይደለም፤
የውኃው ቧንቧ በየት በየት እንደሚያልፍ ከእሱ ሌላ የሚያውቅ የለም።
ሚኒስትሯ መጥታ ሪባን ቆረጠች፣ «ነገ፣ ነገ» አለች፣
በሰከንድ ስንት እንደሚያሰላ ስታነብ ዜሮው በዝቶባት ተደናቀፈች።
እሱ ግን ከኋላ ጫማዋን ነበር የሚያይ፤
ቬይኮ ሁለት ጣቱን ያጣው እዚያው ነው፣ በቆመችበት ሲሚንቶ ላይ።

ማሽን ሲያስብ ይግላል። ውኃው ግለቱን ይዞ
ከሚስቱ ከኢርሜሊ ሳሎን ይደርሳል፣ በአስፋልቱ ስር ተጉዞ።
እሷም እንደ ሐኪም መዳፏን ራዲያተሩ ላይ ዘርግታ፣
«ዛሬ ማን ጠየቀ?» ትላለች፣ የሹራቧን እጅጌ ገፍታ፤
«ከብዷል፤ ይፋጃል።»
«አይሌ ናት» ይላል፣ ከስክሪኑ ስም ማንበብ ለምዶ፣
«የሰሜን ልጅ ናት፤ ዝናብ በበረዶ ላይ ወርዶ
መቼ እንደሚጋገር፣ አጋዘን ለምግቡ ሲቆፍር
የት ላይ ድንጋይ እንደሚሆንበት፣ ያንን ነው የምትመረምር።»
አይተዋት አያውቁም። ግን በእሷ ጥያቄ ካልሲ ደርቋል፣
የልጅ ልጅ ገላ ታጥቧል፣ ሊጥ ኩፍ ብሏል።

ከምርጫው በኋላ ሌላ ሚኒስትር መጣ፣ ቀይ እርሳስ አንሥቶ በእርጋታ፤
መስመሯን አልሰረዘም፤ ከወገቧ ቆረጣት በዝምታ።
ከረድፍ አራት እስከ ዘጠኝ ጨለመ በአንድ ማለዳ፣
የአይሌ ስም ወደቀ ከወረፋው ሰሌዳ።
ከተማው አልበረደውም። የእንጨቱ ምድጃ ተተካ፤
ቴርሞሜትሩም ያው ሃያ አንድ፣ ቢለካ ቢለካ።
ኢርሜሊ ብቻ መዳፏን አስነክታ ቆየች፣ ቆየች፤
«ሞቋል» አለች። «ግን ዛሬ ማንም አልጠየቀም» አለች።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ታይስቶ በጨለማው ረድፍ ያልፋል፣
ጆሮውን ከብረቱ ያስጠጋል። ያ ሰኞ ይሰማዋል።
ከዚያ የጥበቃውን መዝገብ ይገልጣል፤ ቢጫ የሆነ ወረቀት፣
ቁጥር ሦስት በመጨረሻ ቀኗ የተፋችው፣ የእሱ እጅ ያለበት።
ይጽፋል፦ «ስድስት ረድፍ ጠፍቷል። ቧንቧው ደህና።
ጠያቂ ከመጣ ይምጣ፤ እዚህ ነኝና።»