ምንጣሮ

ከሰሃም ወጣ ብሎ፣ ባሕሩ እየሸተተ በማይታይበት፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ባልገባበት፣
አንድ እርሻ ነበረ፤ አጥር የለው፣ በር የለው፣
እሾህ ብቻ ነው ያለው።

ጧት ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይነሣ፣
ረፊቁል ይለካል ቤንዚኑን በጣሳ፤
ኀምሳ እጅ ቤንዚን፣ አንድ እጅ ዘይት፣
ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ እንደ መድኃኒት።
እኔም ማንገቻውን ትከሻዬ ላይ አጥብቄ፣
መነጽር፣ የቆዳ ሽርጥ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣
ገመዱን ስስበው፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣
ይነሣል እያጓራ፤ ይንቀጠቀጣል አንጀቴ።

ዛፉን ዐውቀዋለሁ።
እዚህ ሌላ ስም አለው፤ እኔ ግን ዐውቀዋለሁ።
ወረር ላይ፣ ከጥጡ እርሻ ማዶ፣ አዋሽ ዳር፣
አሸዋ ያቆማል ብለው ያመጡት ለአፋር፣
አባቴ ችግኙን ተሸክሞ የተከለው ነበር፤
በቀን ሁለት ብር።
ኋላ ችግኙ አደገና መንገድ ዘጋ፣ ግጦሽ ዘጋ፣
የፍየሉን ጥርስ አበላሸ፣ የሰው ቆዳ ወጋ፤
ጎረቤታችን ሁመድ፣ የግመሉ ዓይን ከጠፋ ወዲያ፣
ከአባቴ ጋር ቆሞ አላወራም በገበያ።
እና አሁን እኔ፣ ልጁ፣ ባሕር ተሻግሬ፣
የአባቴን ተክል እቆርጣለሁ፣ በሪያል ተቀጥሬ።

ቀጭኑን ናይለኑ፤ ሣሩን፣ ሐረጉን ያነሣል፤
ወፍራሙን ጥርሳም ዲስኩ እየጮኸ ይበጥሳል፤
የረፊቁል ትራክተር ማጨጃውን ጎትቶ
የጣልኩትን ያደቃል፤ ጎርሶ፣ አላምጦ፣ ተፍቶ።
አንዳንዴ ድንጋይ ይመታል፤ ብልጭ ይላል እሳት፤
ማታ ማንኪያ ስይዝ እንኳ እጄን አይለቀው ንዝረት፤
መረቁ ሸሚዜ ላይ ይደፋል፤ ረፊቁል ይስቃል፤
«አንተን ማሽኑ ገና አላጠፋህም» ይላል።

ባለመሬቷ ሙዝና በየቀኑ ትመጣለች፤
ከልጇ መኪና ሳትወርድ፣ መስኮት ዝቅ አድርጋ፣
«ስንት ቀን ቀራችሁ?» ትላለች።
ወንድሞቿ ሸጠውታል። መጋዘን ይሆናል አሉ።

በሦስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣
ከጥቅጥቁ መሀል፣ እጄ እንኳ በማይታይ፣
ዲስኩ ለስለስ ያለ ግንድ ነካ።
ወዲያው ሽታ።
ቤንዚኑን አልፎ፣ አቧራውን፣ የጨሰውን ዘይት፣
የሎሚ ሽታ፤ እንደ ቢላ ስለት
አፍንጫዬን ሰንጥቆ ገባ።

ሞተሩን አጠፋሁ።
ከእሾኹ ጉያ ውስጥ፣ ፀሐይ በማያውቀው፣
አንድ ሎሚ ቆሞ ኖሯል፤ የቆረጥኩት እሱን ነው።
ስድስት ፍሬ መሬት ላይ፤ ቢጫ፣ ደቃቅ፣
አንዷ በዲስኩ ለሁለት ተከፍላ፣ ገና ስታለቅስ።
ልደብቅ አሰብኩ። ማን አየ? እሾህ ነበር እላለሁ።
ፍሬዎቹን ኪሴ ከተትኩ፤
ሽታውን የምከትበት ኪስ ግን አጣሁ።

መኪናው ቆመ። መስኮቱ ዝቅ አለ።
ቀናት አልጠየቀችም።
በሩን ከፈተችና በነጠላ ጫማዋ እሾኹን እየረገጠች መጣች፤
ጉቶው ጋ ስትደርስ ቁጭ ብላ በጣቷ ነካችው፤ እርጥብ ነበር።
«ሁሉም ታሞ አልቋል ብለውን ነው የሄድነው» አለች፤
ለእኔ አይደለም፤ ለጉቶው ነው።
ቀጥላ «ማን ቆረጠው?» አለች።
ዐረብኛዬ ትንሽ ነው፤ ማባበያ ቃል የለውም።
«እኔ» አልኩ።
ከኪሴ አውጥቼ ግማሿን ሎሚ ሰጠኋት፤
ላሰች፤ ፊቷ ተጨማደደ፤ እንደገና ላሰች።
«ይህን አትንኩት።»
ሌላ ምንም አላለችም።

የእሾኹን ጉቶ ሁሉ ናፍጣ ቀባን፤
ቢሆንም ዐውቀዋለሁ፤ አንድ ሌሊት ካካፋ
ጥርሱን ነክሶ ይመለሳል፤ የአባቴ እጅ እንዲህ አይጠፋ።
በሎሚው ዙሪያ ግን ናይለን ክር ወጠርን፣ ብርቱካንማውን፤
ረፊቁልም ዞሮት ያልፋል፣ ከፍ አድርጎ ማጨጃውን።
መጋዘን የሚሠሩት ሰዎች ክሩን ያዩት እንደሆነ እንጃ።

ማታ አባቴ ደወለ።
«ሥራው ምንድን ነው?» አለ።
«አትክልት» አልኩት።
ዝም አለ፤ መስመሩ ሲንሿሿ ቆየ፤
ከዚያ፣ ገበሬ ገበሬን እንደሚጠይቅ፣
«ውኃ አለ ወይ?» አለኝ።