የመጥረጊያው ምት

ሼፊልድ፣ ሰባ ዘጠኝ፤ ማቅለጫው ሊዘጋ፣
ምድር ቤት ቀዳነው፣ ሌሊቱ ሳይነጋ።
ከበሯችን ተይዟል፣ በቤት ኪራይ ዕዳ፤
ኪት እንደ ክስ ወረቀት ያነባል፣ ፊቱን ለግድግዳ።
ከላይ ወይዘሮ አክሮይድ፣ ከማታ ፈረቃ የገባች፣
በመጥረጊያ እንጨት ወለሉን መታች፦
ቋ። ቋ።
      ...ቋ።

«ዝም በሉ!» ማለቷ ነበር፤
ምን ገዶት፣ ዋጠው የቴፑ ክር።
ሌላ ቴፕ መግዣ አልነበረንም።

ዛሬ በኦሳካ፣ በሊማ፣ ያኔ ያልተወለዱ፣
ሦስተኛዋን ምት፣ እግር አንሥተው፣ ይጠብቃሉ ሊያብዱ።
ስለ መዘግየቷ መጽሐፍ ተጻፈ፤ «ረቂቅ ስሌት» ተባለች።
እኔ ግን ነበርኩ፤
አሮጊቷ እጅ ስትለውጥ ነው የዘገየች።

ሳታውቅ ሞተች።
ቀብሯ ላይ፣ በዝናብ፣ ሦስታችን ብቻ ነበርን፤
ያን ቀን ታዘዝናት፤
ዝም አልን።